ብርድ ልብስ የለበሰው ቮልስ

ጋሽ ሶፋ ጠንካራ ነገር አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ አይችልም። በእሱ ቤት ውስጥ ስፖንጅ ያልተለጠፈበት፣ ጨርቅ ያልለበሰ ዕቃ እፈልጋለሁ ማለት በከንቱ መድከም ነው። የበሩ ጀርባ ለብሷል። በርጩማው ለብሷል። ለስልኩ ማስቀመጫ እንኳ ትንሽዬ ትራስ ተሰፍቶለታል። "ይሄ ሰው አንድ ቀን ተኝተን ሲያገኘን እኛንም ያለብሰናል" ይላሉ ጎረቤቶቹ። ሥራው ሶፋ ማልበስ ስለሆነ እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውስ የለም። ለሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ሶፋ ነው፤ ለሴት ልጁ ብቻ አባዬ።

ንግግርም ላይ እንደዚያው ነው። ጠንከር ያለች ነገር መናገር ካለበት መጀመሪያ በቀልድ ይሸፍናታል፣ ቀጥሎ በሳል፣ በመጨረሻም ጭራሽ ይውጣታል። ይህን ስትነግሩት ደግሞ "ዝም አይነቅዝም" ብሎ ይተርትባችኋል። አይ ጋሽ ሶፋ! ዝም ያለ ነገር የማይነቅዝ ቢሆን ኖሮ ጓሮው ውስጥ የተገተረው ቮልስ ያን ሁሉ ዝገት ከየት አመጣው?

እናም በዚያ ሰሞን ሆዱ ውስጥ አንዲት ጠንካራ ነገር ተቀምጣ ነበር። ማግባት ይፈልጋል።

ሴትየዋ የመኪና መለዋወጫ ትሸጣለች። እንደ እሱ የትዳር ጓደኛዋን በሞት ያጣች፣ ቀጥ ያለች፣ እጇ ግራሶ፣ ልቧ ንጹሕ የሆነች ሴት ናት። መካኒኮቹ ወይዘሮ ካንዴላ ይሏታል። ካንዴላ እንግዲህ ሞተር ውስጥ እሳት የምትጭረዋ ዕቃ ናት፤ ሴትየዋም ቦታውን ያልያዘ ዕቃ ወይም ቦታውን ያልያዘ ሰው ስታይ ቦግ ትላለች። ጋሽ ሶፋ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ከየት እንዳመጣው እሱም በማያውቀው ድፍረት፣ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ጠየቃት። እጇን በጨርቅ ጠረገችና አየችው።

"እኔ እሺ ነኝ" አለችው። "ግን ልጅዎ ከሌላ ሰው ሰምታ ዓይኔን እያየች እንድትጠላኝ አልፈልግም። ራስዎ ይንገሯት። እሷ ደስ ካላት ደስ ይለኛል። ካላላት ግን ዕቃ ሲፈልጉ ይመጣሉ፣ እሸጥልዎታለሁ። በቃ።"

ያቺ "በቃ" ያለቻት ቃል ጋሽ ሶፋን እንቅልፍ ነሳችው።

ልጅቱ ነርስ ናት። አጭር፣ ቀጠን ያለች፣ አፏ የሚያቃጥል ስለሆነች አባቷ ቁንዶ ይላታል። እናቷ ካረፈች ወዲህ ሁለቱ ብቻቸውን፣ እየተቃለዱና እየተበሻሸቁ ነው የኖሩት። ስለ ሁሉም ነገር ያወራሉ፤ ስለ እናትየዋና ስለ ልባቸው ግን አያወሩም። አሁን ቁንዶ ከተራራው ማዶ ባለች ከተማ ሆስፒታል ሥራ አግኝታለች። ቅዳሜ ትሄዳለች። እንዲህ ያለው ነገር ደግሞ በስልክ አይነገር!

ሞክሯል፣ እውነቱን እንናገርለት። ምሳ ላይ ማንኪያውን ያስቀምጥና "ቁንዶዬ፣ አንድ ነገር..." ይላል።

"ምን አባዬ?"

"...ጨው አቀብዪኝ።"

ይህ ነገር ስለተደጋገመ ቁንዶ በመጨረሻ ጨውን ቁምሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። "ደም ግፊት ትፈልጋለህ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ምን እንደሚሰማህ ንገረኝ!" ብላ ክንዱ ላይ የግፊት መለኪያዋን ጠመጠመችበት። ግፊቱ ደህና ነበር። የቀረውን ግን መሣሪያው አያሳይም።

ስለዚህ ጋሽ ሶፋ አንድ ዘዴ ዘየደ። በቮልሱ እራሱ ያደርሳታል። ከጠዋት እስከ ምሳ ድረስ መንገድ፣ ሁለት ሰው፣ መሸሻ የለም፣ ጨው የለም። እዚያ ውስጥ ካልተናገረ መቼም አይናገርም።

ቮልሱን ከሚስቱ ጋር በወጣትነታቸው የገዙት ነው። እሷ ካረፈች በኋላ ቁልፉን የነካው አልነበረም። ዶሮዎች የኋላ ወንበር ላይ እንቁላል ይጥሉ ነበር። ባለፈው ዓመት ነው ከጎረቤቱ መካኒክ ጋር ጓሮው ውስጥ ሸራ ወጥረው የጀመሩት። ወለሉ ተበልቶ ከውስጥ ሆነው ሣሩን ያዩት ነበር። የበሰበሰውን ቆርጠው አዲስ ላሜራ በየዱት፣ ዝገቱን በብረት ቡሩሽ ፋቁት፣ አካሉን እንደ ሎሚ ቅጠል አረንጓዴ ቀቡት። መካኒኩ ሞተሩን በታትኖ ሲያበቃ "እንደ ድሮው ብቻ ከሆነማ ምኑን ሠራነው?" አለና ሰፋ ያሉ ሲሊንደሮች ጨመረለት፣ ከኋላም ጭስ ማውጫውን ሁለት አደረገው። ጋሽ ሶፋ በበኩሉ ከትልቅ መኪና የተነቀሉ ወንበሮችን እግራቸውን አሳጥሮ ገጠመ፣ ጥቁር ቀይ ቆዳ አልብሶ በእጁ ሰፋቸው። ጣሪያው ለበሰ። በሮቹ ለበሱ። ለክርን ማስደገፊያ እንኳ ትራስ ተሠራ።

መለዋወጫውንማ ማን ይገዛል? እሱ ነዋ። አንዱን ቡሎን ዛሬ፣ ሌላውን ነገ። "ሁሉንም አንዴ ብትገዛው ምን ነበረበት?" ይለዋል መካኒኩ። ጋሽ ሶፋ "ረሳሁት" ይላል። መርሳትማ አያውቅም!

ቮልሱ መጀመሪያ የተነሣ ቀን የሰፈሩ ወፍ በሙሉ ከዛፍ ላይ ተነሥቶ ሄደ። መካኒኩ በደስታ አጨበጨበ። "ጤነኛ ሞተር እንዲህ ነው የሚናገረው!" አለ። ጋሽ ሶፋ ቁንዶን አስቀምጦ ሰፈሩን አንድ ዞረ። እሷ የሆነ ነገር ትላለች፣ እሱ አይሰማም። እሱ ይመልሳል፣ እሷ ጆሮዋን ይዛ ትስቃለች። ሲወርድ ፊቱ ጠቁሯል። በዚህ ጩኸት መሃል ስለ ትዳር እንዴት ይወራል? እንዲህ ያለ ነገር እኮ በለሆሳስ፣ በወግ በማዕረግ ነው የሚነገረው።

ዓርብ ጠዋት መካኒኩ አማቶቹን ሊጠይቅ ወጣ። ጋሽ ሶፋም ስፖንጁን፣ ማስቲሹንና መርፌውን ይዞ ከመኪናው ኋላ ተንበረከከ።

ቮልስ ሞተሩ ከኋላ ነው። ከኋላው መስኮት በታች በመደዳ የተሰነጠቁ ቀዳዳዎች አሉት፤ ሞተሩ አየር የሚስበው በእነዚያ ነው። ውሃ የሚባል ነገር አይገባበትም፤ በአየር ብቻ ነው የሚቀዘቅዘው። መካኒኩ ይህንን "ይሄ ሞተር ውሃ አይጠጣም፤ አየር ነው የሚመገበው" ብሎ ነግሮት ነበር። ጋሽ ሶፋ ግን ነገሩን እንደ ምስጋና ነበር የሰማው፤ ወጪ የማያበዛ፣ ጨዋ ሞተር ማለቱ መስሎት። ደግሞስ አየር መንገድ ላይ ሞልቶ የለም እንዴ? ለሶፋ ሠሪ ክፍተት ማለት ጉድለት ነው። ያን ሁሉ ቀዳዳ ሲያይ የታየው አቧራ የሚገባበትና ጩኸት የሚወጣበት ያልተጨረሰ ሥራ ብቻ ነው። ስለዚህ ወፍራም ስፖንጅ በልክ ቆርጦ፣ በዚያው በቀይ ቆዳ አልብሶ፣ በየመሃሉ በቆዳ የተሸፈኑ የልብስ ቁልፎች ተክሎ፣ ቀዳዳዎቹን ከውስጥ ጥርቅም አድርጎ ዘጋቸው። በወንበሩና በሞተሩ መሃል ያለውንም ግድግዳ እስከ ጥግ ሞላው። ሲጨርስ ወደ ኋላ ቆሞ አየው። እንዴት ያምር ነበር መሰላችሁ!

ቅዳሜ ጠዋት ሲነሡ ወፎቹ ንቅንቅ አላሉም። ቁንዶ በሩን ስትዘጋ የተሰማው እፍ የሚል ድምፅ ብቻ ነው።

"አባዬ፣ ይሄ መኪና ነው ሳሎን?" አለች ወንበሩን እየዳበሰች። "ተጠንቀቅ፣ እዚያ ስንደርስ አልወርድልህም።"

ጋሽ ሶፋ በደስታ አበጠ። ከከተማ እስኪወጡ ድረስ ስለ ወንበሩ ስፌት አስረዳት። ከከተማ ሲወጡ ግን ጨዋታው አለቀ፣ ጸጥታው መጣ። ጸጥታ ማለት ጸጥታ ነው! ምራቁን ሲውጥ ራሱን ይሰማል። ልጅቱ ማስቲካ ስታላምጥ ይሰማል። አፉን ሊከፍት ሲል ከንፈሩ የሚያወጣት ድምፅ እንኳ ትሰማለች። ይህን ሁሉ የለፋበት ዝምታ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ "እሺ፣ ቀጥል፣ እያዳመጥን ነው" የሚለው መሰለው።

"እህም" አለ።

"ምን አልክ?"

"ምንም። ጉሮሮዬን ነው።"

"ያንን ጉሮሮህን ሳላየው አልለቅህም።"

አቀበቱ ጀመረ። ጋሽ ሶፋ ካምቢዮውን ቀንሶ፣ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ "አሁን ወይም መቼም" አለ በልቡ። "ቁንዶዬ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ፈልጌ ነበር።"

"እዚህ ጨው የለም አባዬ።"

"ጨው አይደለም። ነገሩ... እኔ..."

ይሄኔ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት ቦግ አለ። ሰው በሞተሩ መታመም ደስ ይለዋል? ጋሽ ሶፋን ግን ደስ አለው፤ ውሸት ምን ያደርጋል! "ቆይ ቆይ፣ መኪናው!" ብሎ እፎይ እያለ ጥጉን ያዘ። ደስታው የቆየው ሽታው አፍንጫው እስኪደርስ ነው። የተቃጠለ ቆዳ ሽታ ለሶፋ ሠሪ ምን እንደሆነ እናንተው ገምቱት።

አንድ የጭነት መኪና ሾፌር አጠገባቸው ቆመና ጀሪካን አንጠልጥሎ ወረደ። "ውሃ ጨረሰ? ላፍስበት?"

"ውሃ አይጠጣም" አለ ጋሽ ሶፋ።

"ታዲያ ምንድን ነው የሚጠጣው?"

"አየር።"

ሾፌሩ ዙሪያውን፣ ሜዳውንና ሰማዩን አየ። "አየሩማ ይሄው ሞልቷል" አለና የሞተሩን ክዳን በጨርቅ ይዞ ከፈተው። ቀዩን ቆዳ አየ፣ ቁልፎቹን አየ፣ ጋሽ ሶፋን አየ። "ጋሼ፣ ሞተሩ አራስ ነው እንዴ እንዲህ የሸፋፈኑት?"

ቁንዶ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እስክታለቅስ ሳቀች። "ብርድ ልብስ! አባዬ ሞተሩን ብርድ ልብስ አለበሰው!" ሾፌሩም እየሳቀ፣ መንገድ ላይ ለሚያገኘው ሰው ሁሉ የሚያወራው ጨዋታ አግኝቶ ሄደ።

ሞተሩ እስኪበርድ ቁጭ አሉ። ከዚያ ቁንዶ ስፖንጁን የሚቆርጡበትን የአባቷን መቀስ ልታመጣ የፊቱን ክዳን ከፈተች። የቮልስ ዕቃ መጫኛ ከፊት ነው። መቀሱን ስታስስ ሻንጣዋ ሥር አንድ ጥቅል ጥቁር ጎማ አገኘች፣ ከሥሩ ሌላ፣ ከሱም ሥር ሌላ።

"አባዬ፣ ይሄ የራዲያተር ጎማ አይደል?"

"እ... ነው።"

"ራዲያተር እኮ የለውም።"

"የለውም።"

"ታዲያ ምን ያደርግልሃል?"

"ለመጠባበቂያ" አለ ጋሽ ሶፋ፣ ጆሮው እየቀላ። እንግዲህ ለመኪናው የሚያስፈልገው ሁሉ ተገዝቶ ካለቀ በኋላ ወደዚያ ሱቅ ባዶ እጅ አይኬድ! ወይዘሮ ካንዴላስ ውሃ ለማይጠጣ መኪና የውሃ ጎማ መሸጧን አታውቅም ነበር? ጠንቅቃ ታውቃለች። ግን አንድ ቀን እንኳ "ምን ሊያደርግልዎት ነው?" አላለችውም።

ቁንዶ ጎማዎቹን ቦታቸው መለሰችና መቀሱን አቀበለችው። ጋሽ ሶፋ ቀዩን ቆዳ መቁረጥ ጀመረ። እያንዳንዱ ቁልፍ በተነቀለ ቁጥር ፊቱን ያጨማድዳል። የተቃጠለው ቦታ በውል ስለማይታወቅ የኋላውም ግድግዳ ስፖንጅ በሙሉ መውጣት ነበረበት። ልጅቱ የተቆረጠውን እየተቀበለች ትከምራለች።

"ለምን እንዲህ ደከምክ አባዬ?" አለችው፣ አሁን ሳትስቅ።

"ጸጥ እንዲል ብዬ። እንድናወራ።"

"እኛ መቼ ሳናወራ ቀረን?"

"እሱማ ቀልድ ነው" አለ ጋሽ ሶፋ፣ ዓይኑን ከመቀሱ ሳያነሣ። ቁንዶ ከጎኑ ተንበርክካ የቀረውን ስፖንጅ ትነቅልለት ጀመር።

ቮልሱ እንደገና ሲነሣ ተራራው አስተጋባ። ስፖንጁ በነበረበት ቦታ ባዶ ላሜራ ቀርቷል፤ ሞተሩ ትከሻቸው ላይ የተቀመጠ ይመስል ያገሳል። ጋሽ ሶፋ አቀበቱን ጨርሶ ቁልቁል ሲይዝ አንድ ነገር ገባው። በዚህ ጩኸት ውስጥ ምራቁም፣ ከንፈሩም፣ የገዛ ድምፁም አይሰማውም። የሚያዳምጠው ዝምታ የለም። አፉ በገዛ ራሱ ተከፈተ።

"ማግባት እፈልጋለሁ!" ብሎ ጮኸ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ቁንዶ ዞራ አፈጠጠችበት።

"ማንን?"

"መለዋወጫ የምትሸጠውን! ወይዘሮ ካንዴላን! አንቺ ደስ ካላለሽ ግን አትቀበለኝም! እኔም አልለምናትም!"

ልጅቱ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። አንድ ድልድይ ተሻገሩ፣ ዝም። ብሎኬት የሚመረትበትን ግቢ አለፉ፣ ዝም። ሰዎች ከየሱቁ ብቅ እያሉ የሚያገሳውን አረንጓዴ መኪና ያያሉ፤ ጋሽ ሶፋ ግን የሚያየው የልጁን የኋላ ጸጉር ብቻ ነው። የተናገራትን ነገር ሰብስቦ መልሶ መዋጥ ቢቻል እዚያው በዋጣት ነበር። "አበቃ" አለ በልቡ፤ "ልጄንም አጣሁ፣ ሴትየዋንም አጣሁ።"

ወደ ከተማዋ ሲገቡ ቁንዶ ሳትዞር ጮኸች። "እናቴንስ?"

"እናትሽንማ አንድም ቀን ረስቻት አላውቅም!" አለ ጋሽ ሶፋ፣ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ። "ዛሬም ጨርቅ ስመርጥ ቀለሙን የምጠይቀው እሷን ነው! ግን አትመልስልኝም! እስከ ዛሬ አንቺ ነበርሽ! አንቺ በር ስታጋጪ፣ ስትቆጪኝ፣ ጨው ስትደብቂብኝ ቤቱ ሰው ያለበት ይመስል ነበር!"

የሆስፒታሉን በር አልፈው ግቢ ገቡ። ዘበኛው እየሮጠ መጣና ሁለት እጁን አነሣ፤ ከራሱ በላይ "ጸጥታ ይጠበቅ" የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ጋሽ ሶፋ ቁልፉን አጠፋ። ሞተሩ ቀጥ አለ። አፉን ግን ማጥፋት ረሳ።

"ከዛሬ ጀምሮ ቤቱ ጭጭ ሊል ነው! ብቻዬን እዚያ ቤት መግባት እፈራለሁ!"

ግቢው በሙሉ ሰማው። ወንበር ላይ ተራ የሚጠብቁት በሽተኞች ዞሩ። ነጭ ጋዋን የለበሰች ሴት በመስኮት አንገቷን አወጣች። የዘበኛው እጅ አየር ላይ ቀረ። "ጋሼ፣ እዚህ መጮኽ..." ብሎ ጀመረና ተወው። ጋሽ ሶፋ መሬት ተከፍታ ከነቀዩ ወንበሩ ብትውጠው ደስ ይለው ነበር።

ቁንዶ ዞረች። ፊቷ በእንባ ርሷል።

"እኔስ ምን ስፈራ የከረምኩ ይመስልሃል?" አለችው ቀስ ብላ። "ሻንጣዬን ስዘጋና ስከፍት ነው የሰነበትኩት። ለማን ትቼው ልሂድ እያልኩ። ትናንትና እኮ አልሄድም ብዬ ልደውልላቸው ነበር።" አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። "ለምን አልነገርከኝም?"

"ፈራሁ።"

"እኔም ፈራሁ" አለች። "ምን ዓይነት ፈሪዎች ነን በእግዜር! በል፣ ስልኩን አምጣ። ደውልላት።"

ጋሽ ሶፋ ደወለ። ቁንዶ ከእጁ ነጠቀችው።

"ደህና ዋሉ እትዬ? የጋሽ ሶፋ ልጅ ነኝ። ደርሰናል፣ ደህና ነው፣ አይደንግጡ። አዎ፣ ነግሮኛል። እኔ ብቻ ሳልሆን ሆስፒታሉ በሙሉ ሰምቷል።" ከዚያኛው ጫፍ የሚባለውን እየሰማች፣ እያለቀሰች ሳቀች። "ደስ ብሎኛል። ከልቤ ነው የምልዎት፣ ደስ ብሎኛል።" ከዚያ ስልኩን ወደ አፏ አስጠግታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርዎት። ዛሬ ማታ ተመላሽ ነው። ቤቱ ሲደርስ እርስዎ ይቀበሉት፤ መብራቱን ራሱ እንዳያበራው። አደራዎን።"

ጋሽ ሶፋ ይህን ሲሰማ ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ እንደ ልጅ አለቀሰ። ዘበኛውም የቁንዶን ሻንጣ ሊያወርድላት፣ ዕቃ መጫኛው እንደ ሌላ መኪና ከኋላ መስሎት፣ ወደ መኪናው ኋላ ሄደ።